የባድሩ አርባ ደቂቃ

ያን ቅዳሜ በረዶ አልጣለም፤ ብርዱ ለበረዶም ፋታ የሚሰጥ አልነበረም። በፈረንጆች 2002፣ ጥር ወር ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች፣ ከመስኮቱ ማዶ ያለው ነገር ሁሉ ግን ድርቅ ብሎ ቆሟል። የመኪና ጭስ እንኳ ወደ ላይ መውጣት አቅቶት መሬት ለመሬት ይንከባለል ነበር። ሻሂዳ ብሩክሊን ፓርክ ካለው አፓርታማቸው ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ሆና ባሏ አብዱልመናን ወደ ሥራ ሲወጣ ታየዋለች። የሥራ አለቃው የባድሩ ቫን ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቀዋል። አብዱልመናን በሩን ከመክፈቱ በፊት ቆም አለና ደረቱን በጓንቱ አሸት አሸት አደረገ። ብርዱ ነው፣ አለች በልቧ። መጋረጃውን ዘግታ ተመልሳ ተኛች።

ሻሂዳ የደሴ ልጅ ናት። ስድስተኛ ክፍል ሳለች እናቷ ታመሙና ትምህርቱን አቋርጣ የቤቱን ሥራ ያዘች፤ ከዚያ ወዲህ ደብተር ገልጣ አታውቅም ነበር። አብዱልመናን የከሚሴ ሰው ነበር። ዝምተኛ ነው፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፣ ሰው ቤት ሲገባ ጥግ ፈልጎ ይቀመጣል። ሚኒሶታ የገቡት በ2000 ነው። ጥገኝነት ጠይቀው፣ የሥራ ፈቃድ እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይቻልምና፣ እርሱም ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ በሰው ባጅ፣ በሰው የሥራ መታወቂያ፣ መጋዘን ገባ። ባጁ ወደ ሲያትል ከሄደ ጎንፋ ከሚባል ልጅ የተገኘ ነበር። ፎቶው ላይ ያለው ልጅ ከአብዱልመናን በአሥር ዓመት ያንሳል፣ ፊቱም ሞላ ያለ ነው። በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ ግን ባጁ ጢጥ ማለቱን እንጂ ፊት አያይም። የመጋዘኑ ሐበሾች በዚህ ይስቁ ነበር።

ባጁን ያመጣለት ባድሩ ነው። ባድሩ የአዲስ አበባ ልጅ፣ በመጋዘኑ የፈረቃው አለቃ። ሠራተኛ የሚያስገባ እርሱ፣ በቫኑ የሚያመላልስ እርሱ፣ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚያነብልህ እርሱ። በዕድሜ የሚበልጡት ሳይቀሩ "ጋሽ ባድሩ" ይሉታል። ከፈረንጅ ጋር ሲስቅ ድምፁ ከሁሉ በላይ ይሰማል።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ ደወለ።

"ሻሂዳ እህቴ፣ አብዱ ትንሽ አሞታል። ሆስፒታል አድርሼዋለሁ። እኔ ፈረቃውን ጥዬ ስለወጣሁ መመለስ አለብኝ፣ አንቺ ቶሎ ሂጂ።"

ታክሲ ይዛ ሄደች። መስተንግዶው ላይ ያለችው ሴት የአብዱልመናንን ስም ፈልጋ አጣችው። ሻሂዳ በወረቀት ጻፈችላት፤ አሁንም የለም። በዚህ ስም የገባ ሰው የለም፣ ምናልባት ሌላ ሆስፒታል ይሆናል አሏት። ወንበር ላይ ተቀመጠች። ተነሥታ ጠየቀች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። ከዚያ ድንገት አንድ ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ ብልጭ አለ፤ ብዕሩን ተቀብላ "ጎንፋ" ብላ ጻፈች። ሴትየዋ ስክሪኑን አየች፣ ፊቷ ተለዋወጠ፣ ስልክ አነሣች። ሻሂዳን ይዘው የገቡት ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ ከሶፍት ሳጥን በቀር ምንም የለም።

አብዱልመናን ከሞተ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ዶክተሮቹና ነርሶቹ እስከ መጨረሻው "ሚስተር ጎንፋ፣ ይሰሙናል?" ሲሉት ነበር። በስሙ የጠራው ሰው ሳይኖር ሞተ። ስሙን አስተካክሎ አስከሬኑን ለማውጣት ደግሞ አራት ቀን ፈጀ፤ በዕለቱ መቀበር የሚገባው ሰው አራት ቀን በሰው ስም ማቀዝቀዣ ውስጥ ዋለ፣ አደረ።

ለቅሶው ላይ ባድሩ ከፊት ተቀመጠ። ለመጣው ሁሉ የሚናገረው እርሱ ነው።

"በእጄ ላይ ነው ያለፈው። ቫኑን እንደ አምቡላንስ ነው የነዳሁት፣ ቀይ መብራት አላየሁም ወላሂ። ስምንት ደቂቃ አልፈጀብኝም።"

በማግስቱ ስድስት ደቂቃ ሆነ። በሦስተኛው ቀን አምስት። ሰዉ "አላህ ይስጥህ፣ ወንድምነትን አሳየህ" ይለዋል። ሻሂዳም ተነሥታ አመሰገነችው። ግድግዳው ይቀዘቅዘዋል ብላ ትራስ አምጥታ በገዛ እጇ ከጀርባው አደረገችለት። ኋላ ላይ ሌሊት ከእንቅልፏ የሚያባንናት ያ ትራስ ነው።

እውነቱን የነገረቻት አያንቱ ናት። አያንቱ የነቀምት ልጅ፣ በዚያው መጋዘን ካርቶን አሻጊ። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ሰሞን አንድ እሑድ መጣች፣ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ሻሂ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከእኔ እንደሰማሽ ግን አትናገሪ። የእኔም ባጅ የእኔ አይደለም።"

"ንገሪኝ።"

"ያን ቀን ሥራ ከገባን ግማሽ ሰዓት አልሞላም። አብዱልመናን ከመስመሩ ወጣ። ያ መጋዘን ታውቂዋለሽ፣ ሁላችንም ጃኬት ለብሰን ነው የምንሠራው፤ እርሱ ላብ በላብ ሆኗል። ግራ እጁን እንዲህ ይዞታል። ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ መሰለኝ አለ። ጋሽ ባድሩ መጣና ጨጓራ ነው አለው። ቁርስ ሳትበላ ትመጣለህ፣ ማታ ሚጥሚጣ ትልሳለህ፣ እኔንም እንዲሁ ያደርገኛል አለው። ወንበር ሰጠው፣ ከማሽኑ ወተት ገዛለት።"

"እናንተስ?"

"እኛም ጨጓራ ነው አልን። ምን ልደብቅሽ፣ እኔም ብያለሁ። ጨጓራ የሌለበት ሐበሻ የት አለ?" አያንቱ መሬት መሬት አየች። "አንዲት ፈረንጅ አለች፣ ትልቅ ሴትዮ፣ ዕቃ መለያው ክፍል የምትሠራ። እርሷ ብቻ ናት ሮጣ የግድግዳውን ስልክ ያነሣችው። ጋሽ ባድሩ ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ መልሶ ሰቀለው። እየሳቀ። ስቶማክ፣ ስቶማክ ኦንሊ አላት።"

"ለምን?"

"አምቡላንስ ከመጣ ስም ይጠይቃላ። ባጁን ያያሉ፣ ፎቶው እርሱ አይደለም። ከዚያ የሁላችንም ባጅ ሊታይ ነው፤ ያስገባን ደግሞ እርሱ ነው። ሻሂ፣ አርባ ደቂቃ ነው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው። እረፍታችንን በደቂቃ ስለሚቆጥሩብን ሰዓት ማየት ልማዴ ነው፤ አርባ ደቂቃ። ሲወድቅ ከአንድ ልጅ ጋር ተሸክመው በዕቃ መጫኛው በር በኩል ወደ ቫኑ አወጡት። የእሳት አደጋ ጣቢያው ሁለት ደቂቃ አይርቅም። በፊት ለፊቱ አልፎ ነው የሄደው።"

ሻሂዳ አላለቀሰችም። ለአያንቱ ሻይ አፈላችላት፣ እስከ አሳንሰሩ ሸኘቻት። በማግስቱ ባድሩ ከሥራ ሲወጣ ጠብቃ ቫኑ ውስጥ አገኘችው። ስትጠይቀው አልካደም፣ አላመነምም። ሞተሩን አጥፍቶ ድምፁን አለሰለሰ።

"እህቴ፣ አላህ የጻፈውን ማን ያስቀራል? አሁን ይህን ብታነሺ ማን ላይ ነው የሚያርፈው? ያንቺ ፋይል ላይ ነው። ባልሽ በሰው ስም ሠራ ይባላል። ጥገኝነቱም ይቀራል፣ ተመለሺ ትባያለሽ። ወረቀትሽን እስክታገኚ ዝም በይ። ለአንቺ ብዬ ነው።"

ሻሂዳ ፊቱን አየችው። የሚለው እውነት ሳይሆን አልቀረም፤ እውነት በመሆኑም ደስ ብሎታል።

"እሺ ጋሽ ባድሩ። ወረቀቴን እስካገኝ" አለችው።

እርሱ ምክር ሰጣት፤ እርሷ ቀጠሮ ተቀበለች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ከውጭ ለሚያያቸው የማንኛዋም ባሏ የሞተባት ሴት ዓመታት ይመስላሉ። ሥራ፣ አውቶቡስ፣ ቤት። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባች። አንሶላ ታጥፋለች፣ ስታጥፍ ስለ ባድሩ ታስባለች። እርሱ በበኩሉ ከፍ እያለ ሄደ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር አድርጎ መረጠው፤ "አብዱልመናን በእጁ ላይ ያረፈ ሰው" ተብሎ ነው የተመረጠው። መጋዘኑን ትቶ ሴንት ፖል ውስጥ የጉዞ ትኬት የሚቆርጥበትና ፎርም የሚሞላበት ቢሮ ከፈተ።

ሻሂዳ ከአንድም ሠርግ፣ ከአንድም ለቅሶ አትቀርም። ባድሩ የተቀመጠበትን አይታ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። አትናገርም፣ ታየዋለች። መጀመሪያ ላይ ሰላም ይላት ነበር፣ ኋላ ወንበሩን ማዞር ጀመረ፤ እርሷም ተነሥታ በዚያኛው በኩል ትቀመጣለች። አንድ ዓረፋ የእርዱን ሥጋ በልጁ በቱባ እጅ ላከላት። ሻሂዳ ሳህኑን ራሷ ይዛ በአውቶቡስ ሄደች፣ ደጁን አንኳኳች። በሩን የከፈተው እርሱ ነው።

"ጋሽ ባድሩ፣ አልችለውም። ጨጓራዬን ያመኛል" አለችና ሳህኑን አስረከበችው።

ባድሩ ሳህኑን እንደያዘ ቀረ። እርሷ ደረጃውን ስትወርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

በ2004 መጦሪያው ከልብስ ማጠቢያ ወደ ረዳት አስታማሚነት ሊያሳድጋት ሲል ኮርስ ውሰጂ አላት። የሁለት ቀኑ ኮርስ አንዱ ቀን ስለ ልብ ነበር። የሚያስተምረው ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፤ ወፍራም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። እንግሊዝኛዋ ቀጭን ነበር፤ ያን ቀን ግን አንድ ቃል አላመለጣትም። ሌሎቹ ፈተና ለማለፍ ይጽፋሉ፣ እርሷ ክስ ትጽፋለች።

ደረት ላይ ጭነት፣ ወደ እጅና ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠር፤ ሆድ ነው ብላችሁ አትከራከሩ አለ ሰውየው። ላቡ፣ አለች ሻሂዳ በልቧ፣ እጁን መያዙ። ወዲያው 911 ደውሉ፤ አትጠብቁ፣ ይሻለው እንደሆን እንይ አትበሉ፤ በየደቂቃው የልብ ሥጋ ይሞታል። አርባ ደቂቃ። በራሳችሁ መኪና አትውሰዱት፤ አምቡላንሱ ራሱ ሕክምና ነው፣ ልቡ ቢቆም በኤሌክትሪክ የሚያስነሣው ማሽን ውስጡ አለ፤ በእናንተ መኪና ውስጥ ምን አለ? ቫኑ። አታራምዱት፣ አስቀምጡት፣ ልብሱን አላሉለት። አስፕሪን የማይስማማው ካልሆነ አንድ አስፕሪን አኝኮ ይዋጥ። ወተት፣ አለች ሻሂዳ። ራሱን ስቶ ትንፋሹ ከጠፋ ወይም እንደማጣጣር ብቻ ከሆነ፣ ጠንካራ ነገር ላይ አንጋልሉትና ደረቱን መሐል ለመሐል በሁለት እጃችሁ ተጫኑ። ጠበቅ፣ ፈጠን፤ ሰዎች እስኪደርሱ አታቋርጡ።

እጇን አወጣች። "የእሳት አደጋ ጣቢያ ሁለት ደቂቃ ላይ ቢኖርስ?"

"ያ ሰው ዕድለኛ ነው" አላት መምህሩ።

ተራዋ ሲደርስ ከአሻንጉሊቱ ጎን ተንበረከከች። ቁጥር እየጠራች ትጫነው ጀመር። ሰውየው ትከሻዋን ነካት። "በቃሽ። ይሄ ቢሆን የጎድን አጥንቱን ሰብረሽዋል።"

"ይቅርታ።"

"ለምን ይቅርታ? ልክ እንዲህ ነው። አጥንት ይድናል።"

አስፕሪን ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቦርሳዋ ወጥቶ አያውቅም።

ጥገኝነቷ በ2003 ተፈቅዶ ነበር፤ ግሪን ካርዱ ግን እስከ 2007 መስከረም መጨረሻ አልመጣም። ፖስታውን ከፍታ ካርዱን አየችው። የገዛ ስሟ፣ የገዛ ፎቶዋ። ሰው ደስ ይለዋል ብሎ ያስባል፤ እርሷ ያሰበችው አንድ ነገር ነው፤ ቀኑ ደረሰ። የእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ በሚቀጥለው እሑድ ነበር፤ ባድሩ ለሁለተኛ ጊዜ ሊመረጥ። ከኋላ የምትወጋ ሴት አይደለችምና አስቀድማ ልትነግረው ሐሙስ ቀን ሴንት ፖል ሄደች።

ቢሮው ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ የአውሮፕላን ፎቶ፣ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት። ጸሐፊዋ ለምሳ ወጥታ እርሱ ብቻውን ነበር። ወፍሯል፣ ፀጉሩ ሸብቷል። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

"ወረቀትሽን እስክታገኚ ብለህ ነበር። ይኸው አገኘሁ።"

"ማሻአላህ። እንኳን ደስ አለሽ።"

"እሑድ እናገራለሁ። ወንበሩን፣ ስልኩን፣ ሁሉንም። አልነገርሽኝም እንዳትል ብዬ ነው የመጣሁት።"

"ሻሂዳ፣ አምስት ዓመት ሆነው እኮ። ተይ በአላህ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ ሰው ያከብረኛል..." ብሎ ሊነሣ ሲል መሐል ላይ ቆመ። ተመልሶ ተቀመጠ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ።

"ምን ሆንክ?"

"ጨጓራዬ ነው" አለ። "ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ..."

ራሱ የሚለውን ሰማው፤ ቀና ብሎ አያት። ሁለቱም ምን እንደሆነ ገብቷቸዋል።

ሰዓቱ ከእኩለ ቀን ስድስት ደቂቃ አልፏል። ስልኩ በእርሷ በኩል ነው፤ እጁን ሰደደና አልደረሰም። ሻሂዳ ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችው። አላነሣችውም። እጇን ከላዩ አደረገች።

"ደውዪልኝ" አለ። "ወይ በመኪናዬ ውሰጂኝ፣ ቁልፉ..."

"መኪና ተው። አብዱልመናን ስንት ደቂቃ ተቀመጠ?"

"ሻሂዳ..."

"ስንት?"

ትንፋሹ አጠረ። መንጋጋውን ያዘ። "አርባ። አርባ ይሆናል።"

"ሴትዮዋ ስልክ አንሥታ ነበር?"

"አዎ።"

"ማን ሰቀለው?"

ዓይኑን ወደ ሰዓቱ አዞረ። ቆጣሪው ይሄዳል። ሻሂዳ መምህሩ ያለውን ሁሉ በልቧ ትሰማለች፤ በየደቂቃው የልብ ሥጋ ይሞታል። እንደሚሞት ስለምታውቅ ነው የምትጠብቀው።

"ማን ሰቀለው?"

"እኔ። እኔ ነኝ። ፈራሁ። ለራሴ ነው የፈራሁት፣ ለእርሱም አይደለም፣ ለእናንተም አይደለም።" እንባው ከላቡ ጋር ወረደ። "እንዳልሞት።"

ከእኩለ ቀን አሥር ደቂቃ አለፈ። ስልኩን አነሣች።

ከዚያ በኋላ ያደረገችው አንድም እንከን የለበትም። አድራሻውን ከነቢሮ ቁጥሩ ሰጠች። አስፕሪን ይስማማዋል ወይ ብለው ጠየቋት፤ ይስማማዋል። ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው፣ አኘከው። ክራቫቱን ፈታች፣ ከወንበሩ አውርዳ ግድግዳ አስደግፋ መሬት አስቀመጠችው፣ የውጭውን በር በወንበር ደግፋ ከፈተችው። ዓይኑ ሲገለበጥና ትንፋሹ ወደ ማጣጣር ሲሄድ ጎትታ አንጋለለችው፣ ተንበርክካ መጫን ጀመረች። በስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት ቁጥር ትጠራለች፣ ሻሂዳ በአማርኛ ትከተላለች። ከእጇ በታች አጥንት ቀጨጭ ሲል ተሰማት። አላቆመችም። "አትሞታትም" ትለው ነበር በየቁጥሩ መሐል፤ "እንደዚህ በቀላሉ አትገላገልም።"

የእሳት አደጋ መኪናው ቀድሞ ደረሰ። ማሽኑን አደረጉለት፣ ሰውነቱ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ወደቀ፣ ልቡ መታ። አንዱ ሠራተኛ መቼ እንደጀመረው ጠየቃት።

"ስድስት ደቂቃ አልፎ" አለች። ሰዓት አልዋሸችም። ስልኩን መቼ እንዳነሣች ግን ማንም አልጠየቃትም።

ሆስፒታል ቱባ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። የሃያ ዓመት ልጅ ናት፣ እዚህ ያደገች፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። "ዩ ሴቭድ ማይ ዳድ" ትላለች ደጋግማ። ሐኪሙም እንዲሁ አለ፤ እርስዎ ባይኖሩ አይተርፍም ነበር። ወሬው በአንድ ቀን ብሩክሊን ፓርክን አዳረሰ። አይታ የማታውቃቸው ሴቶች እየደወሉ መረቋት። ለባሏ የደረሰውን ሰው አተረፈችው፣ ውለታ መለሰች ተባለ። ሻሂዳ ስልኩን ይዛ ታዳምጣለች፤ የባድሩ ቫን ፍጥነት እንዴት እንደጨመረ ያኔ ገባት። ዝም ብትል ስልኩን ያነሣችበት የእርሷም እጅ በየወሬው ይፈጥን ነበር።

በአሥረኛው ቀን ባድሩ አስጠራት። አልጋው ላይ ኮስምኖ፣ ድምፁ ወርዶ ጠበቃት። ቱባ ቡና ልትገዛ ወጣ አለች።

"ሰዓቱን አይቼዋለሁ" አላት። "አራት ደቂቃ ነው።"

"አራት ነው።"

"ዶክተሩ የልቤ አንድ ወገን ሞቷል አለኝ። ደረጃ መውጣት አልችልም።" ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ። "አልናገርም። አንቺም አትናገሪ። እኩል ሆነናል፤ ሰው እንደሆነ ሁለታችንንም ያመሰግናል።"

ቫኑ ውስጥ የሰማችው ያው ለስላሳ ድምፅ ነው። ለአንቺ ብዬ ነው የሚለው ድምፅ። ሻሂዳ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

በእርሱ ሕመም የተላለፈው ስብሰባ ኅዳር መጨረሻ ላይ ተጠራ። ባድሩ በቱባ ክንድ ተደግፎ ገባ፣ ሰዉ ቆሞ ተቀበለው። አጀንዳው ከመነበቡ በፊት አንዱ ሻሂዳን እናመስግን አለ፤ አጨበጨቡ። ማይክሮፎኑን ሰጧት። ሻሂዳ ከዚያ በፊት ሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም። ወረቀትም አልያዘችም።

"አብዱልመናን በሰው ባጅ ነበር የሚሠራው" አለች። "ሚስቱ ነኝ፣ እኔ ነኝ የምነግራችሁ። ያ ሰው ደረቴን እያለ አርባ ደቂቃ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፈረንጅዋ ስልክ አነሣች፣ ጋሽ ባድሩ ተቀብሎ ሰቀለው። ባጁ እንዳይታይበት። ሲወድቅ በእሳት አደጋው በር ፊት ለፊት በቫን አሳለፈው፣ ሆስፒታልም በሰው ስም አስመዘገበው። አርባውንና ስልኩን ራሱ በአፉ ነግሮኛል።"

አዳራሹ አጉረመረመ። አንዱ "እህታችን፣ አሁን ታሞ..." ብሎ ጀመረ።

"አልጨረስኩም። እኔም ስልክ ይዤበታለሁ። ሲታመም ስልኩ በእጄ ነበር፤ ይህን እስኪነግረኝ አላነሣሁትም። አራት ደቂቃ። የልቡ አንድ ወገን የሞተው በዚያ ይሆናል፣ አላውቅም። እርሱ አርባ፣ እኔ አራት። ሆስፒታል ጠርቶ እኩል ነን አለኝ። እኩል አይደለንም። ሠላሳ ስድስት ይቀረኛል። አልጠይቀውም፤ ግን አልተውኩለትም።"

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን መሬት መቱ። "አስተግፊሩላህ በይ፣ ልጄ።"

"ብያለሁ አባባ። ለአራቱ ብያለሁ።"

ቱባ ሁሉንም ሰምታ ነበር። አጎንብሳ የአባቷን ፊት ፈለገች። "ዳድ፣ ኢዝ ኢት ትሩ?" አለችው በቀስታ። ባድሩ የካፖርቱን ቁልፍ አንድ በአንድ መቆለፍ ጀመረ፤ አንደኛውን ሦስት ጊዜ ሞከረው። ከዚያ ወጡ። መኪና መንዳት ስለማይችል ቱባ ነበረች የምትነዳው። ሻሂዳ በመስኮቱ መኪናው እስኪታጠፍ አየች። እስከ ቤታቸው ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ አባትና ልጅ፣ አንድ መኪና ውስጥ፣ ጎን ለጎን። ከአምስት ዓመት ወዲህ እንደዚያች ሃያ አምስት ደቂቃ ያለ ደስታ አግኝታ አታውቅም። ደስታው ግን ቤቷ እስክትደርስ አልቆየላትም።

ባድሩ ዳግመኛ አልተመረጠም። ቢሮውን ዘግቶ ከከተማው ወጣ ወዳለችው ሻኮፒ ሄደ፤ ለምን ሩቅ እንደሄደ ማንም አልጠየቀም። ሻሂዳንም የመረቋት ሴቶች ግማሾቹ ሰላምታ ነሷት። በሰው ነፍስ የምትደራደር አሏት፤ አልተከራከረችም። አያንቱ አልቀረችባትም፤ ወረቀቷ ወጥቶ በራሷ ባጅ መሥራት ከጀመረች ወዲህ እንዲያውም በግልጽ ትመጣለች። "እኔ ብሆን አርባውንም ነበር የማስቆጥረው" አለቻት አንድ ቀን። ሻሂዳ "አታስቆጥሪም" አለቻት፤ "አራቱም ረጅም ነው።"

አዲሶቹ የእድር መሪዎች በዓመቱ እፍረት እፍረት እያላቸው መጡ። እድሩ ሰውን የሚያውቀው ከሞተ በኋላ ነው፣ ከመሞቱ በፊት የሚሆነውን አስተምሪን አሏት። እሺ አለች። አሻንጉሊቱን ከመጦሪያው ትዋሳለች፤ መጀመሪያ የምትናገረው ሁልጊዜ አንድ ነው። ጨጓራ ነው አትበሉ፣ ደውሉ። በማንም ባጅ ይሁን፣ ስም የሚጠይቁት በኋላ ነው።

ዛሬ 2009 ነው። ሻሂዳ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም። ብሩክሊን ፓርክ ውስጥ ትኖራለች፣ በመጦሪያው የጠዋት ፈረቃ ትሠራለች፣ ማክሰኞና ረቡዕ ዕረፍቷ ነው።